የሕግ ምክር፦ የአባታችንን ፔጆ 404 ለማደስ በቤተሰብ ግቢ ውስጥ ጋራዥ መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። አባታችን በታክሲነት ያሠሯት የነበረችውን ፔጆ 404 እና የምንኖርበትን ግቢ ትተውልን አርፈዋል። ኑዛዜ የለም። እናታችን በሕይወት አሉ፤ ልጆቻቸው ሦስት ነን፤ ወንድሜ ጅቡቲ ይሠራል፣ እህቴ እዚሁ ናት። መኪናዋ ዛፍ ሥር ቆማ ዝጋለች። በግቢው ጥግ በብሎኬት ጋራዥ ሠርቼ፣ መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ቀስ እያልኩ ራሴ ላድሳት ፈልጌያለሁ። እህቴ «የሁላችን ግቢ ነው» ብላ አልተስማማችም። ጎረቤታችንም «ሰፈሩን ጋራዥ ሊያደርጉት ነው» እያሉ ነው። ካርታውም ሊብሬውም በአባቴ ስም ነው፤ ሞተሯም ድሮ በ504 ሞተር ተቀይሯል። ግቢያችን ከደቻቱ ወንዝ ዳር ሩቅ አይደለም። ፈቃድ ያስፈልገኛል? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አዎ፣ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤት ከመሄድዎ በፊት ማለቅ ያለበት የእህትዎ ጉዳይ ነው። እሱን ዘለው አሸዋና ብሎኬት ቢያስወርዱ፣ ፈቃድ ቢያገኙም እንኳ ግድግዳው የእርስዎ ስለመሆኑ ዋስትና የለዎትም።

በመጀመሪያ ማን ምን ያህል እንዳለው እንይ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ነው። ግቢውም መኪናዋም በጋብቻ ውስጥ የተፈሩ ከሆኑ የጋራ ሀብት ናቸው። ስለዚህ ግማሹ የእናትዎ ነው፤ ይህንንም የሚያገኙት በውርስ ሳይሆን በራሳቸው ድርሻ ነው። የአባትዎ ግማሽ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 መሠረት ለሦስታችሁ እኩል ይከፈላል። ሌላ ልጅ ከሌለ እናትዎ ግማሽ፣ እርስዎ አንድ ስድስተኛ፣ እህትዎ አንድ ስድስተኛ፣ ወንድምዎ አንድ ስድስተኛ አላችሁ ማለት ነው። አንድ ስድስተኛ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ መኖርና በጋራው ነገር መጠቀም ይችላል። የጋራ ሀብቱን ለመሸጥ ወይም የተመደበለትን አገልግሎት ለመለወጥ ግን የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1266 የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። የመኖሪያ ግቢ ጥግ ላይ መኪና መፍቻ ቤት መትከል አገልግሎት መለወጥ ነው ብላ እህትዎ ብትከራከር የሚሰማት ዳኛ አታጣም።

የተቃውሞው ጊዜም ዋጋ አለው። ሕጉ በሌላ ሰው መሬት ላይ ስለሚሠራ ሕንጻ ሲናገር ባለመሬቱ እየተቃወመ የተሠራውን (ቁጥር 1178) እና ሳይቃወም የተሠራውን (ቁጥር 1179) ለይቶ ያያል። ሳይቃወም ከተሠራ ሠሪው የሕንጻው ባለቤት ይሆናል፤ ቢለቅም ካሳ ይከፈለዋል። እየተቃወመ ከተሠራ ግን ያለ ካሳ መውሰድ ወይም ማስፈረስ የባለመሬቱ ምርጫ ነው። በእርግጥ እርስዎ ፍጹም ባዕድ አይደሉም፤ የጋራ ባለመብት ነዎት። ቢሆንም እህትዎ ከአሁኑ «አልተስማማሁም» ብላለች፤ ነገ በምስክር ታስረዳዋለች። በላዩ ላይ በቁጥር 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ አቅርባ ሥራውን ገና ከመሠረቱ ልታስቆምብዎት ትችላለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጡ። ቀጥሎ አራታችሁ የምትፈርሙት አንድ የስምምነት ሰነድ ይዘጋጅ። «ጋራዥ እንዲሠራ ፈቅደናል» የምትል አንድ መስመር አትበቃም። ሰነዱ ቦታውን በሜትር ይግለጽ፤ ለምሳሌ በግቢው ምሥራቅ ጥግ፣ ከአጥር ይህን ያህል ርቆ፣ 4 በ7 ሜትር። ግንባታውን በሙሉ ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ፣ ውርሱ ሲከፋፈል ጋራዡ ያረፈበት ቦታ ለሌላ ቢደርስ ካሳው እንዴት እንደሚሰላ፣ ውሃና መብራት ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ስላለበት ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርሙት። ወንድምዎ መምጣት ካልቻሉ ጅቡቲ ካለው ኤምባሲያችን ውክልና ይላኩ፤ ውክልናው ግን ይህን ስምምነትና የመኪናዋን ማስተላለፍ ለይቶ ይጥቀስ። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ንብረት ለማስተላለፍ አያገለግልም (ቁጥር 2204 እና 2205)። ብዙ ቤተሰብ ዓመት የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ውክልናው ደርሶ ሲነበብ «ለመሸጥ» ወይም «ለመስጠት» የሚለው ቃል የለበትም፤ እንደገና ወደ ጅቡቲ ይመለሳል።

በዚሁ ሰነድ ውስጥ፣ ወይም በተለየ ውል፣ መኪናዋን ጨርሱ። ዛሬ የዛገች 404 ናት፤ ከእድሳት በኋላ ፈላጊዋ ይበዛል። ድርሻቸውን ሳያስተላልፉልዎ ገንዘብዎን ካፈሰሱባት፣ ስታምር አምስት ስድስተኛው የእነሱ ሀብት ይሆናል፤ ያወጡትን ለማስመለስ ደግሞ ክርክር ውስጥ ይገባሉ። አሁን ባለችበት ሁኔታ ከአራት ማዕዘን ፎቶ ያንሷት፣ ከሥር የበላውን ላሜራ በቅርብ ያንሱ፣ ዋጋዋን በሚያውቅ ሰው አስገምተው በጽሑፍ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ድርሻቸውን በዚያ ዋጋ ይግዙ ወይም በስጦታ ይቀበሉ። የግንባታውም ደረሰኝ በስምዎ ይቆረጥ። ለ4 በ7 ሜትር ቤት፣ በ2.8 ሜትር ከፍታ፣ የ3 ሜትር በር ተቀንሶ 700 ያህል ብሎኬት ይገባል፤ ወለሉ ብቻ በ12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ወደ 3.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሲሆን 12 ኩንታል ያህል ሲሚንቶ ይበላል። ካሳ በሚሰላበት ቀን ያለ ደረሰኝ የሚነገር ቁጥር ሁሉ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ማዘጋጃ ቤት። ካርታውን፣ የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ የተመዘገበውን ስምምነት ይዘው በቅድሚያ የፕላን ስምምነት ይጠይቁ። በእርስዎ ቦታ ይህ ለወግ ያህል የሚያዝ ወረቀት አይደለም። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከጨረሰ በኋላ በወንዙ ዳር የሚሠራ ግንባታ እንደ ዋዛ አይታይም። ጥጉ ለወንዝ ዳር ወይም ለመንገድ በተከለለ ቦታ ላይ ካረፈ የቀረው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው፤ ይህን ዲዛይን ሳያሠሩ ማወቅ ይሻላል።

ዲዛይኑን በተመለከተ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። በምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ ምድብ «ሀ» ነው። ከዚያ ከበለጠ ወደ «ለ» ይሄዳል። ፋብሪካና ወርክሾፕ ከሆነ ግን ቁመቱ ምንም ያህል ቢያንስ ምድብ «ሐ» ነው፤ የባለሙያው ዓይነትና የሚጠየቀው ሰነድም በዚያው ልክ ይከብዳል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ አገልግሎቱን በትክክል ይግለጹ፦ «በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የአንድ የግል መኪና ማቆሚያና መጠገኛ፣ ለንግድ የማይውል»። «ዕቃ ቤት» ብለው አይዋሹ፤ የተፈቀደውና የተሠራው ካልተገጣጠመ የሚያስፈርስ ምክንያት እርስዎ ራስዎ ሰጡ ማለት ነው። በሚያመለክቱበት ቀን በሥራ ላይ ያለውን አዋጅ፣ መመሪያና የክፍያ ተመንም ከዚያው ጠይቀው ይያዙ።

የ404 ርዝመት 4.4 ሜትር፣ ስፋቷ 1.6 ሜትር ገደማ ነው። 4 በ7 ሜትር ብትሆን በግራና በቀኝ 1.2 ሜትር ይተርፋል፤ በሩ ተከፍቶ ሰው ያልፋል። ከፊት የ60 ሳንቲ ሜትር የሥራ ጠረጴዛና የአንድ ሜትር መተላለፊያ፣ ከኋላም አንድ ሜትር ይቀራል። ለሌላ መኪናም ብለው 8 ሜትር ያለ ምሰሶ ቢዘረጉት ምድቡን ራስዎ አሳደጉት። ጣሪያው ወደ ጎረቤት አያዘንብል፤ ውሃው በአሸንዳ ወደ ግቢዎ ይውረድ፤ በአጥር በኩል ባለው ግድግዳም መስኮት አይክፈቱ።

ጉድጓዱን ግን ቢተዉት እመርጣለሁ። አንደኛ፣ ዲዛይን ላይ ጉድጓድ ያየ ሹም ንግድ ጋራዥ መሆኑን መጠርጠሩ አይቀርም። ሁለተኛ፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል፤ ከላይ ግራይንደር ሲነሳ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ሦስተኛ፣ በደቻቱ አቅራቢያ በክረምት ውሃ ይሞላል። አጥር ሥር ተቆፍሮ የጎረቤት ግንብ ቢሰነጠቅ ደግሞ ከፋዩ እርስዎ ነዎት። የግድ ካሉ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ጥልቀት አድርገው በወለሉ መካከል ያውሉት፤ ከሁለቱም ግድግዳ 1.6 ሜትር ይርቃል፣ ማለትም ከጥልቀቱ አያንስም። ለአንድ መኪና ግን ጥሩ ክሪክና አራት የብረት መቆሚያ ይበቃል። ለግንበኛው ሥራ የጽሑፍ ውል ያድርጉ፤ የማይንቀሳቀስ ሥራ ተቋራጭ በቁጥር 3039 መሠረት ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ዋስትናውን ለመጠየቅ ግን ውሉ በእጅዎ መኖር አለበት።

ጎረቤትዎ የሚያነሱት ነገር ሕግ የሌለው ጭቅጭቅ አይደለም። ቁጥር 1225 ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ልኩ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድ ይታያል። የድሬ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሰው ጋደም ይላል ወይም በርጫ ይቀመጣል። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት መዶሻና ግራይንደር አያንሱ፤ ማታም እንደዚሁ። ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ላሜራ የሚቆርጥ ግራይንደር አጠገቡ ለቆመ ሰው ከ90 ያልፋል። ብሎኬቱ ድምፁን ይይዛል፣ የሚያሳልፈው የቆርቆሮው በር ነው፤ በሩን ከጎረቤት ፊት ለፊት አያድርጉት።

ሽታው ከድምፁ ይብሳል። በስፕሬይ የተረጨ ቀለም በድሬ ንፋስ አጥር ተሻግሮ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል፤ ነጭ ነጠላ ላይ ያረፈች ሰማያዊ ነጥብ ደግሞ ለዳኛ የምትታይ ማስረጃ ናት። ላሜራውን፣ ስቱኮውንና ማለስለሱን ቤትዎ ይጨርሱ፤ የመጨረሻውን ቀለም ፈቃድ ያለው ጋራዥ ወስደው ያስረጩ። የካርባይድ ጋዝና የኦክስጂን ሲሊንደር ግቢ ውስጥ አያሳድሩ፤ ብየዳውን በኤሌክትሪክ ያድርጉት ወይም ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ይዞ ይመለስ። ፈንጂ ነገር በማከማቸት ለሚደርስ ጉዳት በቁጥር 2069 ጥፋት ባይኖርብዎትም ሊጠየቁ ይችላሉ። ከሞተሩ የሚወጣው 4 ሊትር ገደማ የተቃጠለ ዘይትም ደቻቱ አሸዋ ላይ አይደፋም። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶችን ያስታውሱ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በግልጽ የሚከለክለው ነው። በጀሪካን አጠራቅመው ጋራዥ ያስረክቡ።

የመኪናዋ ወረቀት ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር የድሮው 404 ሞተር ከሆነና አሁን ያለው የ504 ከሆነ፣ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቦሎ አታገኝም። የሞተሩን የግዢ ውል ወይም ደረሰኝ፣ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን)፣ ወይም የወጣበትን መኪና ሊብሬ ቅጂ አሁኑኑ በአባትዎ ወረቀቶች መካከል ይፈልጉ። ከጠፋ የሸጠላቸውን ሰው ወይም የገጠመውን መካኒክ በሕይወት ሳለ ያግኙት። 404 የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው ሻንሲው፤ ቁጥሩም የተመታው በላሜራው ላይ ነው። ላሜራ ሠሪው «ይህ በልቷል፣ ቆርጬ ልለውጠው» ብሎ ቁጥሩ ያለበትን ከቆረጠው መኪናዋ በሕግ ፊት ማንነት የላትም፤ ስርቆት ነው አይደለም በሚል ፖሊስ ምርመራ ውስጥ ትገባለች። ቁጥሩን በቅርብ ፎቶ ያንሱ፣ በዙሪያው በኖራ ክብ ያድርጉ፣ ለሠራተኛውም በውል ይንገሩት።

ታርጋዋ የታክሲ ስለሆነ ለግል ስትዛወር ወደ ግል ታርጋ ይለወጣል፤ የአባትዎ የታክሲ ንግድ ፈቃድ ካልተመለሰና የግብር ክሊራንስ ካልወጣ ዝውውሩ እዚያ ይቆማል። ሰማያዊና ነጩን ቀለም ለመለወጥ ካሰቡም ከመቀባትዎ በፊት ለትራንስፖርት ቢሮ ያመልክቱ፣ ሊብሬው ላይ ቀለም ይጻፋልና። የሦስተኛ ወገን መድን (አዋጅ ቁጥር 799/2005) ለሙከራም ቢሆን ከበር ሳትወጣ መገዛት አለበት።

የጓደኛ መኪና በክፍያ ማደስ ሲጀምሩ ነገሩ ይለወጣል፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ (አዋጅ ቁጥር 980/2008)፣ የጋራዥ ብቃት ማረጋገጫ፣ የቦታ አገልግሎት ለውጥና የንግድ ቆጣሪ ይመጣሉ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ የቅርስ አዋጁ (ቁጥር 209/1992) ተጨምሮ አንድ ብሎኬት ለማኖር እንኳ ቅርስ ጥበቃን ሳያስፈቅዱ አይሆንልዎትም ነበር።

ስምምነቱ እስኪፈረም መኪናዋን ከዛፉ ሥር አውጥተው በሸራ ይሸፍኗት፣ ባትሪዋን ይንቀሉ፣ ታንከሯን ያራግፉ። ሞተሩን ግን አያውርዱት፣ አንዲት ቡሎንም አይፍቱ፤ ተበታትና ካዩዋት ወንድምና እህትዎ ግምቱን ከዚያ ወዲያ አይቀበሉትም።