እንጀራና በርበሬ ከቤት አዘጋጅቶ ለመሸጥ፦ ለደብረ ብርሃኗ እህታችን

«ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ እንጀራና በርበሬ አዘጋጅቼ ለሱቆችና ሸዋ ሮቢት ላሉ ደንበኞች ልሸጥ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገኛል?» ብለሻል። አዎ እህቴ፣ ያስፈልግሻል።

በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው በንግድ መስክ ነው። ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄጂ «ምግብ ነክ» ብለሽ አትለፊው፤ እንጀራም በርበሬም ብለሽ ለይተሽ ተናገሪ፤ ፈቃዱ ላይ በሌለ መስክ መሥራት ያስቀጣል። መታወቂያሽን፣ የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥርሽን፣ የቤቱን ካርታ ወይም የኪራይ ውል ያዢ። ምግብ ስለሆነ የብቃት ማረጋገጫም ትጠየቂያለሽ። ባለሙያ መጥቶ ከማየቱ በፊት የእጅ መታጠቢያውን ከነሳሙናው አዘጋጂ፤ ቆሻሻ መጣያው ክዳን ይኑረው፤ እህሉም ከመሬት ከፍ ብሎ ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው የሚያደርገው የጤና ምርመራ አንቺን ይመለከታል፤ ጋጋሪ ከቀጠርሽ እሷንም ይመለከታል።

እንጀራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከምጣድ ከወጣ በኋላ ነው። ትኩሱን ደራርበው ፌስታል ውስጥ ሲያስሩት ላቡ ተመልሶ ይወርድበትና ይሻግታል። መጀመሪያ ሰፌድ ላይ በደንብ ይቀዝቅዝ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሊጡ ቀስ ብሎ ይቦካል፣ እንጀራውም ይቆያል። ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ነው፤ ደጋ ላይ አራት ቀን የሰነበተልሽ እዚያ ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ ለዚያ የሚሄደው ሌሊት ተጋግሮ፣ በርዶ፣ በዚያው ቀን ይድረስ፤ ከታዘዘው በላይም አትላኪ።

በርበሬ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዛላውን መሬት ላይ ሳይሆን ንጹሕ ሸራ ላይ አስጪው፤ ሲሰበር ቀጭ ካላለ ገና ነው። ውስጡ የጠቆረ ወይም የሻገተ ካገኘሽ ጣዪው፤ ሻጋታው የሚያመጣውን አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ማመስም ሆነ ወጥ ውስጥ ማንተክተክ አያጠፋውም። ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ከተወቀጠ በኋላ እርጥበት ስለሚመለስበት እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ይህን ዘልለው ያስፈጩት በርበሬ ነው ከሳምንታት በኋላ የሚጓጉለው። ከወፍጮ ሲመለስ ይሞቃል፤ ሳይበርድ አታሽጊው። እሽጉ ላይ ስሙን፣ የገባበትን ሁሉ፣ የተጣራ ክብደቱን፣ የተዘጋጀበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ አድራሻሽንም ጻፊ።

ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ጊዜው ካለፈ ቅጣት አለው። ሥራውን ካቆምሽ ደግሞ ፈቃዱን መልሺ፤ እጅሽ ላይ እስካለ ድረስ ምንም ባትሸጪ እንኳ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል።