ስድስት ሳምንት ደወልኩ

ጥያቄ፦ ጅማ ሂርማታ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። እናቴ በሐሙስ ገበያ ቡና እየነገደች ስላሳደገችን ዘመን 240 ገጽ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ «በትእዛዝ ልክ ነው የምናትመው፤ መጋዘን አያስፈልግዎትም» ብሎኝ የ50 ቅጂ ሙሉ ክፍያ ላክሁ። ካርቶኑን ከአውቶቡስ ተቀብዬ ስከፍተው በጎኑ ላይ መሆን የነበረበት ርዕስ ወደ ፊት ሽፋኑ ሸሽቷል፤ የመስመሮቹ ጫፍ ጥራዙ ውስጥ ተውጧል፤ ሦስቱ ደግሞ እንደተገለጡ ቅጠላቸው ወለቀ። ስድስት ሳምንት ደወልኩ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ያነሣል፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግረው ይጠይቀኛል፣ «ነገ እንደውላለን» ይላል። ለልጆቼ እንኳ ለመስጠት አፈርኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ «ለመስጠት አፈርኩ» ያሉት ላይ ስደርስ ተናደድኩ። ማፈር ያለበት ሌላ ሰው ነው። ጥረዛ ክፍል ዓመታት ስለሠራሁ የሆነውን እገምታለሁ። 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው፤ በካሬ ሜትር 80 ግራም በሚመዝን ወረቀት ጎኑ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ሽፋኑ ይህ ሳይለካ ከተሠራ ርዕሱ ይሸሻል። የውስጥ ኅዳጉ ከጠበበ መስመሩ ይዋጣል። ሙጫውም የቅጠሎቹ ጎን በደንብ ሳይፋቅ ከተቀባ አይዝም። ናሙና ቢላክልዎት ኖሮ ይህ ሁሉ በአንዲት ቅጂ ይታይ ነበር። የዚህ ኅትመት ትልቁ ጥቅም እኮ ይኸው ነው፤ ዲጂታል ማሽን እንደ ኦፍሴት ማሽን ፕሌት (ጽሑፉ የሚቀረጽበት የብረት ሉህ) ስለማይፈልግ አንዲት ቅጂ ብቻ አትሞ ማሳየት ይቻላል። ይህን አለማድረጋቸው ይቅር የሚባል አይደለም።

ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን ይተዉት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ሌላውን ወገን ማስጠንቀቅ አለበት ይላል፤ በማስጠንቀቂያውም ቀነ ገደብ መስጠት ይቻላል። ስልክ መደወልዎን ነገ ቢክዱዎት በምን ያስረዳሉ? ስለዚህ 50ውንም አንድ በአንድ ይግለጡ፣ የእያንዳንዱን ጉድለት ይመዝግቡ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ደብዳቤው ላይ የከፈሉበትን ቀን፣ እንደገና ይታተምልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የሚለውን፣ የመጨረሻውንም ቀን ይጻፉ። በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩት፤ ደረሰኙን ከባንኩ ደረሰኝ ጋር ያስቀምጡ።

እንደገና እናትማለን ካሉ ናሙናው ጅማ ድረስ ይምጣ ይበሉ። በቴሌግራም ፎቶ አይስማሙ፤ ሙጫ በፎቶ አይፈተንም።

ቅጠላቸው የወለቀውን ሦስቱን ግን ራስዎ እንዳይለጥፏቸው፤ ማስረጃዎ እነሱ ናቸው።