ፍሬኑ አዲስ፣ እጀታው አሮጌ

ጥያቄ፦ የሳይክሌ የፊት ፍሬን ስለደከመ ግራና ቀኝ ረጅም ክንድ ያለው ቪ ብሬክ አስገጠምኩ፤ እጀታው ግን የቀድሞው ነው። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ፍሬን ስይዝ እጀታው ማኑብሪውን (መሪውን) እስኪነካ ይመጣል። ላስቲኩን ወደ ቸርኬው ሳስጠጋው ደግሞ ይታከካል፣ ይጮሃል። ሽቦው ተደጋግሞ ተወጥሯል፤ ለውጥ የለም። (ከማራኪ)

መልስ፦ ሽቦ በመወጠር አይፈታም፤ ጥፋቱ የእጀታው ነው። ከላይ በአንድ ብሎን የሚታሰረው የድሮ ፍሬን ጥቂት ሽቦ ቢሳብለት ይበቃዋል። ቪ ብሬክ ግን እጥፍ ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ላስቲኩ ቸርኬውን አጥብቆ ሳይዝ እጀታው ያልቅብዎታል። ይህን ይዘው ቁልቁለት አይውረዱ። ለቪ ብሬክ የተሠራ እጀታ ይግዙ፦ የሽቦው ራስ የሚቀመጥበት ቦታ እጀታው ከሚታጠፍበት ብሎን 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በድሮው 2 ገደማ ነው።

ከዚያ ጎማውን አዙረው ቸርኬው መወላገዱን ይዩ፤ ከተወላገደ ቀድሞ በራጂ (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር በሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች) ይቃና። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ከፍ ካለ የጎማውን ጎን ይበላውና ያፈነዳዋል፤ ዝቅ ካለ ሾልኮ ወደ ራጂው ይገባል። ጩኸቱን ለማጥፋት የላስቲኩ የፊት ጫፍ ቀድሞ ይንካ፣ የኋላው 1 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ሲያጠብቁ ከኋላው ጫፍ ስር ቀጭን ካርቶን ማስገባት ነው። በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትተው ሽቦውን የሚይዘውን ብሎን በ5 ቁጥር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ) ያጥብቁ። አንዱ ወገን ብቻ ከታከከ፣ በዚያው ክንድ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ብሎን ሩብ ሩብ ዙር ያጥብቁ፤ ሞላው ላስቲኩን ያርቀዋል። ሳይነዱ እጀታውን ደጋግመው በኃይል ይሳቡ፤ ያልጠበቀ ሽቦ እዚያው ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲዘንብ ፍሬኔ ጭራሽ አይይዝም። ላስቲክ ልቀይር? (ከአዘዞ)

መልስ፦ መጀመሪያ ቸርኬው ላይ ማግኔት ያስጠጉ። ከተለጠፈ ብረት ነው፤ ብረት ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ላስቲክ ብቻ መቀየር እምብዛም አይረዳም። ወደ አሉሚኒየም ቸርኬ መለወጥ ነው ሁነኛው መፍትሔ። ካልተለጠፈ ቸርኬውን በሳሙና ይጠቡ፣ ዘይት አያስነኩት፤ ላስቲኩ ውስጥ የተሰካ የብረት ፍርፋሪ ካለ በመርፌ ያውጡ። የላስቲኩ ቦዮች ከጠፉ ግን ይቀየር። በዝናብ ሲነዱ አስቀድመው ቀለል አድርገው እየያዙ ይልቀቁ፣ ውሃው ከቸርኬው ይጠረጋል።