የእናቴ ተልባ ወይስ የገበያው እሬት?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ባጃጅ እነዳለሁ። ሌሊት ሌሊት ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። እናቴ ጠዋት ተልባ በጥብጣ ታጠጣኛለች። ቀፊራ ገበያ ደግሞ አንዱ «ቁስሉን ይነቅልልሃል» ብሎ የእሬት ጭማቂ በሃይላንድ ሸጠልኝ። ልጠጣው?
(ከከዚራ)

መልስ፦ አቦ፣ ተወው! ከእሬት ቅጠል የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ክፉኛ ያስቀምጣል። ባጃጅህን አቁመህ ስትሮጥ ልትውል ነው።

የእናትህ ተልባ ይሻላል። ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ማቃጠሉን ለጊዜው ያስታግስልህ ይሆናል። ቁስለትን በብዛት የሚያመጣውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ግን አይነቅልም። ባሪ ማርሻል የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህን ባክቴሪያ በ1984 እ.ኤ.አ. ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

«ጨጓራ ይጠብቃል» የሚባል የዕፅዋት ጭማቂ አብዛኛው የተሞከረው በአይጥ ላይ ነው። አይጥ ደግሞ በባዶ ሆዷ ጫት አትቅምም።

ሰገራህን አስመርምር። ባክቴሪያው ከተገኘ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጠው። ተልባውን ከክኒኑ ሁለት ሰዓት አራርቀው። ለወገብህ ዳይክሎፌናክ የምትውጥ ከሆነም ለሐኪሙ ንገረው፤ እሱም ጨጓራ ያቆስላል። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን የዛኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂድ።