«በዚህ ሁኔታ አልሰግድም» አለኝ

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ሲስተር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አባቴ 68 ዓመቱ ነው። የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ደሴ ተኝቷል። እምብርቱ ስር ተቀዷል፣ የሽንት ቱቦም ተገጥሞለታል። «ነጃሳ (ርኩስ ነገር) ታቅፌ እንዴት አላህ ፊት እቀርባለሁ?» ብሎ ሶላት አቆመ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሱብሂ (የንጋት ሶላት) ሲያመልጠው አላየሁም። አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፣ እህልም አይቀምስም። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ። አባትሽን አላህ ያሽርልሽ። በ26 ዓመት የነርስነት ሥራዬ እንደ እሳቸው ያሉ ብዙ አባቶች አይቻለሁ። ቁስሉን ይችሉታል፤ አንገት የሚያስደፋቸው ያ የሽንት ከረጢት ነው።

መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው። ኢምራን ኢብኑ ሑሰይን የተባለው ሰሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ኪንታሮት ነበረበት። ስለ ሶላቱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። «ቆመህ ስገድ፤ ካልቻልክ ተቀምጠህ፤ ካልቻልክ በጎንህ» አሉት። የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግቦታል። ለሰው መንገር ከሚያሳፍር ሕመም የመጣ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ያለውን ሁሉ ያሰግዳል።

ቱቦውም አያግዳቸውም። ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ዑዝር (ሃይማኖቱ የሚቀበለው ምክንያት) አለው። ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፣ ሳይፈልግ የሚወጣው ሶላቱን አያበላሽበትም። ወሎ ውስጥ የሻፊዒውም የሐነፊውም መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ተከታይ ስላለ ዝርዝሩን የመስጂዳችሁን ሸህ ጠይቂ። እንዲያውም ሸሁን ራሳቸውን ለጥየቃ ይዘሻቸው የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ውጪ። አባት ከልጁ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል።

የደሴ ብርድ ስለሚከብድ ለብ ያለ ውሃ በፔርሙዝ ያዢ። ሐኪሙ ውሃ ከከለከለ በውዱእ ፈንታ በንጹህ አፈር የሚደረገው ተየሙም አለ። አንድ ጊዜ ከኩታበር የመጡ እናት ነበሩን። ልጃቸው አፈር በፌስታል ቋጥሮ ትራሳቸው ስር አስቀመጠላቸው። ደነገጥኩ። የቴታነስ ጀርም አፈር ውስጥ ይኖራል፣ የእሳቸው ቁስል ደግሞ ገና አልደረቀም። ላነሳው ስል እጄን ያዙኝ። «ይሄን ከወሰድሽብኝ ምን ቀረኝ ልጄ?» አሉ። አፈሩን ክዳን ባለው ጣሳ አደረግነው፣ ከአልጋው ራቅ አድርገን። ፊታቸውንና እጃቸውን ያብሱበታል፤ ሰግደው ሲጨርሱ ልጃቸው ያስታጥባቸዋል። በሦስተኛው ቀን አጥሚት አምጡልኝ አሉ።

አባትሽ ሩኩዑንም (ማጎንበሱን) ሱጁዱንም (ግንባር መድፋቱን) በአንገታቸው ያመልክቱ፤ ለሱጁዱ ትንሽ ዝቅ ይበሉ። መጎንበስ ስፌቱን ይጫነዋል። ከደሴ መካ በስተሰሜን ናት፣ ቀጥ ብላ ማለት ይቻላል። አልጋው የማይዞር ከሆነ ባሉበት ይስገዱ።

ለሰውነታቸውም ይረዳል። ዋርድ ውስጥ ቀንና ሌሊቱ ይምታታል፤ አዛውንቶች ከቀዶ ጥገና በኋላ ያሉበት ከሚጠፋቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። አምስቱ ወቅት ቀኑን ይይዝላቸዋል። ፋቲሓን (የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ) ቀስ ብለው ሲያነቡም ትንፋሻቸው ይረዝማል፣ ልባቸው ይረጋል። እኛ ነርሶች ለሳንባቸው ብለን «በረጅሙ ተንፍሱ» እያልን የምንለምነው እኮ ይህንኑ ነው። የመርፌ ሰዓት ከሶላት ጋር ከገጠመ ግን መርፌውን ያስቀድሙ። የሶላቱ ወቅት ሰፊ ነው።

ሌሊት ሕመሙ ሲበረታ እጃቸውን በሚያማቸው ቦታ ላይ፣ ከብርድ ልብሱ በላይ ያድርጉ። 3 ጊዜ «ቢስሚላህ»፣ ከዚያ 7 ጊዜ «አዑዙ ቢላሂ ወቁድረቲሂ ሚን ሸሪ ማ አጂዱ ወኡሓዚር» ይበሉ። ከሚሰማኝና ከምፈራው ክፉ ነገር በአላህና በችሎታው እጠበቃለሁ ማለት ነው። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም የዘገበው ዱዓ ነው። አንቺም አብረሻቸው በይ፣ ድምፅሽን ይስሙ። ሽንቱ ወደ ከረጢቱ መውረድ ካቆመ ወይም የረጋ ደም ካየሽ ግን ሰባቱ እስኪሞላ አትጠብቂ። ሮጠሽ ተረኛዋን ሲስተር ጥሪ።