ለአለት ወጪ የሪሞት መኪና ጎማ ክብደት መጨመር፦ ምን ያህል? የትስ ላይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምኖረው ደሴ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ታላቅ ወንድሜ ከእውነተኛ መኪና 10 ጊዜ ያነሰች፣ በሪሞት የምትነዳ አለት ወጪ መኪና ልኮልኝ፣ በእረፍት ቀን ከጓደኞቼ ጋር ጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ድንጋዮች ላይ እንነዳታለን። ቀጥ ያለ ድንጋይ ስትወጣ ግን የፊት ጎማዎቿ ከድንጋዩ ይነሱና ወደ ኋላዋ ትገለበጣለች። አንዱ ጓደኛዬ በአራቱም ጎማ ውስጥ እርሳስ (ከባዱን ማዕድን) እንክተትባት ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሞተሩ ይቃጠልብሃል ይለኛል። ከነባትሪዋ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። የማንን ምክር ልከተል?

መልስ፦ ሁለቱም ጓደኞችዎ የእውነት ቁራጭ ይዘዋል፤ ሆኖም ከሁለቱም ምክር የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። መኪናዋ ላይ አዲስ ክብደት ከመጫንዎ በፊት ያለውን ክብደት ወደ ትክክለኛ ቦታው ያዛውሩት፤ ከዚያ በኋላ ጉድለት ከታየ፣ የሚጨመረው በፊት ጎማዎች ላይ ብቻ ይሁን፤ መጠኑም በሚዛን የታወቀ ይሁን።

ምክንያቱን ላስረዳ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትቆም ክብደቷ ለፊትና ለኋላ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ ለሚያያዝበት ዘንግ) እኩል ቢካፈል እንኳ፣ ዳገት ስትይዝ ሸክሙ ወደ ኋላ ይሄዳል። አጋሰስ ጭኖ ገደል የወጣ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በደረቱ በኩል የሚታሰረው ለዚህ ነው። በቁጥር እንየው። በዚህ መጠን በሚሠሩ ብዙ መኪኖች በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 313 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የስበት ማዕከሏ፣ ማለትም የክብደቷ ሁሉ መሐል የሆነው ነጥብ፣ ከመሬት 90 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለና ክብደቷም እኩል ለእኩል የተከፈለ ነው እንበል። ይህች መኪና 45 ዲግሪ በሆነ ድንጋይ ላይ ስትወጣ በፊት ጎማዎቿ ላይ የሚቀረው ሸክም ከጠቅላላው 21 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ዳገቱ 60 ዲግሪ ሲደርስ ፊቷ ምንም አይሸከምም፤ ትገለበጣለች። እርስዎ ጦሳ ሥር የሚያዩት ይኸው ነው።

እንግዲህ በባትሪው ይጀምሩ። ባትሪው 200 ግራም ቢመዝንና አሁን ያለው በመኪናዋ መካከል፣ ከመሬት 140 ሚሊ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ከፊት አክስል በላይ ወዳለው ቦታ ወስደው በ110 ሚሊ ሜትር ላይ ሲያስሩት ከጠቅላላ ክብደቷ 54 በመቶው ወደ ፊት ይመጣል፤ የስበት ማዕከሏም ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ለዚህ ሁሉ አንድ ግራም እንኳ አልጨመሩም። ጣሪያዋ ላይ ለጌጥ የተሰቀሉትን የዕቃ መጫኛ፣ ጀሪካንና መለዋወጫ ጎማም ያውርዱ። ያማረች መኪና መውደድ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተቀመጠ 50 ግራም ጎማ ውስጥ የተጨመረውን እርሳስ ውጤት ይቀንሰዋል።

ይህን ጨርሰው አሁንም የምትገለበጥ ከሆነ ወደ ጎማው እንመጣለን። ክብደቱ በመኪናዋ አካል ላይ ሳይሆን ጎማ ላይ የሚጨመርበት ምክንያት ግልጽ ነው። አካሏ ላይ ያለ ክብደት ሁሉ ከሞላዎቹ በላይ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ባዘነበላት ቁጥር ሞላውን እየተጫነ ይበልጥ ያዘነብላታል። ጎማ ውስጥ ያለው ግን ከሞላው በታች፣ በአክስሉ ከፍታ ላይ ስለሚቀር ሞላውን አይነካም። በሁለቱ የፊት ጎማዎች 150፣ 150 ግራም፣ በድምሩ 300 ግራም ቢጨምሩና ባትሪውንም እንዳልነው ቢያዛውሩት፣ ከክብደቷ 59 በመቶ የሚሆነው ፊት ላይ ይውላል፤ የስበት ማዕከሏም ከ90 ወደ 85 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በ45 ዲግሪ ዳገት የፊት ጎማዎች ድርሻ ከ21 ወደ 32 በመቶ ሲያድግ፣ የምትገለበጥበት ዳገትም ከ60 ወደ 65 ዲግሪ ይርቃል። አምስት ዲግሪ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ድንጋይ ላይ ግን በመውጣትና በመውደቅ መካከል ያለው ልዩነት እርሱ ነው።

ዋጋ የማይከፈልበት ጥቅም ግን የለም። ያው መኪና ቁልቁለት ስትወርድ በአፍንጫዋ የምትደፋበት ወሰን ከ60 ወደ 57 ዲግሪ ይጠጋል። ፊቷ ላይ ከ60 በመቶ በላይ እንዳይጭኑ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የጓደኛዎን «አራቱም ጎማ ላይ» የሚል ሐሳብ የማልቀበለው ለምን እንደሆነም ልንገርዎ። አጠቃላይ ክብደት መጨመር ጎማው ድንጋዩን የሚጫንበትን ኃይል ያሳድጋል፤ ነገር ግን መኪናዋን ወደ ታች የሚስበው ኃይልም በዚያው ልክ ያድጋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ የምትንሸራተት መኪና በመክበዷ ብቻ መንሸራተቷን አትተውም። እርሱን የሚወስኑት የጎማው ላስቲክ ልስላሴና የድንጋዩ ገጽ ናቸው። የጦሳ ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ሲደርቅ ሻካራ ስለሆነ ጎማ ይይዛል። ቦርከና ወንዝ ውስጥ ውሃ ያለሰለሰው ድንጋይ ላይ ግን ክብደት ሳይሆን ለስላሳ ጎማ ነው የሚያወጣዎት። ለኋላ ጎማዎች ክብደት የሚያስፈልገው መኪናዋ በጎን ተዳፋት ላይ ስትሄድ ወደ ጎን የምትወድቅ ከሆነ ነው፤ ያኔም በእያንዳንዱ 40 ወይም 50 ግራም ይበቃል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ የጎማ ባላንስ የሚሠራ ማንኛውም ጎሚስታ ዘንድ ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ቁርጥራጮች በአንድ ጥብጣብ ላይ የተደረደሩበትና ከኋላው ማጣበቂያ ያለው የባላንስ ክብደት ያገኛሉ። ጎማው በቸርኬው ላይ በብሎን የታሰረ ከሆነ ብሎኖቹን ፈትተው ያውጡት፤ በማጣበቂያ የተጣበቀ ከሆነ ግን ለመላጥ መታገሉ ጎማውን ሊቀደው ስለሚችል፣ ቸርኬውን ትተው በአክስሉ ላይ የሚገጠም የነሐስ ክፍል ቢፈልጉ ይሻላል። ቸርኬውን በአልኮል ጠርገው ካደረቁ በኋላ ጥብጣቡን ዙሪያውን እኩል አድርገው ይለጥፉ፤ በላዩም ፕላስተር ይጠምጥሙበት። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ፦ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ አይድፈኑ፤ በጎማው ውስጥ ያለውን ስፖንጅም ከውስጠኛው ክብ በኩል ክብደቱ የያዘውን ቦታ ያህል ይከርክሙት፤ አለዚያ ስፖንጁ ተጨምቆ ጎማው ይደርቅና ድንጋዩን አቅፎ መያዙን ይተዋል። ብዙ ሰው ክብደት ጨምሮ መኪናዋ የባሰባት የሚመስለው በዚህ የተነሣ ነው።

ክብደቱ ቸርኬው ላይ እንጂ መሬት በሚነካው የጎማው ክፍል ውስጠኛ ገጽ ላይ አይለጠፍ። የሚሽከረከር ክብደት ከመሐል በራቀ ቁጥር ለማስነሣትም ለማቆምም ይከብዳል። ጎማው 120 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬው 48 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር (በመሐል አልፎ ከዳር እስከ ዳር ያለ ርቀት) ቢኖራቸው፣ ቸርኬው ላይ የተለጠፈ 100 ግራም መኪናዋ ስትነሣ ሞተሩ ላይ የሚያደርሰው ጫና የ116 ግራም ያህል ነው፤ ከጎማው ዳር ቢለጠፍ ግን ወደ 200 ግራም ይጠጋል።

የሞተሩን ሥጋት በሚመለከት፣ 300 ግራም ለእርስዎ መኪና 12 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ቀስ ብሎ ድንጋይ ለሚወጣ ጤነኛ ሞተር ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ ነው፤ ጎማው በሁለት ድንጋይ መካከል ተወጥሮ ሳለ በግድ ማዞር ጥርሱን ይበላዋል። በየ15 ደቂቃው ቆም ብለው ሁለቱንም በእጅዎ ይንኩ፤ ጣትዎን ማሳረፍ ካልቻሉ እስኪበርድ ይጠብቁ። በአንድ ጊዜም 150 ግራም አይሙሉ፤ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ 75 ግራም ለጥፈው ያው ድንጋይ ላይ ይሞክሯት፤ የፊትና የኋላ አክስሏንም ተራ በተራ በኩሽና ሚዛን ላይ አሳርፈው ቁጥሩን ይጻፉ። አብሽሩ፤ ብዙ ጊዜ 75 ግራሙ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ አሮጌ የባትሪ እርሳስ አቅልጬ ለመኪናዬ ጎማ ቀለበት ልሥራ ይለኛል። ልፍቀድለት? ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ በፍጹም አይፍቀዱለት። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ ሥራው በከሰል ምድጃ የሚቻል ይመስላል፤ የሚያታልለውም ይህ ነው። ከአሮጌ ባትሪ የወጣ እርሳስ ደግሞ አሲድና መርዛማ ብናኝ ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል፤ በይበልጥ የሚጎዳውም የልጆች አንጎል ነው። ጭሱና ብናኙ ቤት ውስጥ፣ ልብስ ላይና ምግብ ላይ ያርፋል፤ ታናናሾቹንም ያገኛቸዋል።

የልጁን ፍላጎት ግን አይግደሉበት። ከብረት የተሠራ የባላንስ ጥብጣብ ይግዙለት። እርሳስ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲመዝን ብረት 7.9 ገደማ ስለሆነ፣ ለተመሳሳይ ክብደት የሚይዘው ቦታ ወደ አንድ ተኩል ጊዜ ይጠጋል፤ ቸርኬው ውስጥ ግን ይበቃል። ነሐስ 8.5 ነው፤ ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ ካገኙ ልክክ ያለ ቀለበት ይቆርጥለታል። ቀድሞ የተገዛ የእርሳስ ጥብጣብ ቤት ውስጥ ካለም እርስዎ ራስዎ ይለጥፉለት፤ አይሞረድ፣ በፕላስተር ይሸፈን፣ ከሥራው በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ጥያቄ፦ ጥብጣብ ከመለጠፍ ትንንሽ የብረት ኳሶችን ጎማው ውስጥ ልቅ አድርጎ መጨመር አይሻልም? ከወልዲያ።

መልስ፦ በዝግታ ሲነዱ ኳሶቹ ታች ስለሚሰበሰቡ ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ስፖንጁን እየፈጩ ይጨርሱታል፤ ትንሽ ፍጥነት ሲጨመርም ጎማውን ያንቀጠቅጡታል፤ በአየር ቀዳዳውም እየሾለኩ ይጠፋሉ። ከዚህም በላይ የግራና የቀኙ ጎማ ክብደት ሳይታወቅ ይለያያል፤ መኪናዋ ለምን ወደ አንድ ጎን እንደምታደላ ማወቅም ያስቸግርዎታል። ጥብጣቡን ይለጥፉ፤ ከመግጠምዎ በፊትም ሁለቱን ጎማዎች እየመዘኑ እኩል ያድርጓቸው።