ተከትሎ የሚመለስ ማስኪ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለፈው ነሐሴ እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ በሁለት ቀን ሰባት ማስኪዎች (ትልልቅ አዳኝ ዓሦች) ባክቴሌን (ፀጉራማ ጭራና የሚሽከረከሩ የብረት ቅጠሎች ያሉትን ማባበያዬን) እስከ ጀልባዬ ድረስ ተከትለው መጡ። አንዱም አልጎረሰም። ጥቁሩን በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማውን በነጭ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ከቀለሙ ይሆን?

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት። ሰባት ዓሣ ካስነሱ ቦታውንም ማባበያውንም አልሳቱም ማለት ነው። የጎደለው የፍጥነትና የአቅጣጫ ለውጥ ነው። ባክቴል ከውርወራው ጫፍ እስከ ጀልባው በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ መስመር ሲመጣ ማስኪው ከኋላው በዚያው ፍጥነት ይዋኛል፤ እንዲቸኩል የሚያደርገው ነገር የለም። የሚሳደድ ትንሽ ዓሣ ግን አሳዳጁን ሲያይ ይፈተለካል፣ ይታጠፋል። አሳዳጁም አፉን የሚከፍተው ያኔ ነው።

ስለዚህ ማባበያው የመንገዱን አንድ ሦስተኛ ከመጣ በኋላ የሪሉን (የክር ማጠንጠኛውን) እጀታ ሦስት አራት ዙር በጣም አፍጥነው ያሽከርክሩና ወደ ቀድሞው ፍጥነት ይመለሱ። ቀጥሎ የዘንጉን ጫፍ ወደ ግራ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ማባበያው መስመር ይቀይራል። በአንድ ውርወራ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ይህን ሁሉ ጀልባው ሥር ሳይደርስ ይሥሩት፤ ዓሣው ጀልባውን ካየ በኋላ የሚቀርዎት ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው።

ሌላው የቅጠሎቹ መጠን ነው። ሁለት ባለ10 ቁጥር ቅጠል ያለው ባክቴል ውኃውን በኃይል ስለሚመታ ዓሣ ከሩቅ ይጠራል፤ ነገር ግን ክብደቱ ፈጥኖ ለመሳብ አይመችም። የሚከተሉት ዓሦች በርክተው የማይጎርሱ ከሆነ አነስ ወዳለው ባለ8 ቁጥር ቅጠል ይውረዱና ፍጥነቱን ይጨምሩ። በበጋ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከማስኪ የሚያመልጥ ፍጥነት በእጅ ማውጣት ከባድ ነው፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ግን ያዘግሙ። የቅጠሎቹን ምት በዘንጉ እጀታ ላይ ያዳምጡ። ምቱ ከደከመ ወይም ከቆመ ሣር ይዟል፤ በዚያ ውርወራ ላይ ተስፋ አያድርጉ፣ ቶሎ አውጥተው ያጽዱት።

ጥያቄ፦ ጀልባው አጠገብ ስምንት ቁጥር እሠራለሁ (ማባበያውን ውኃ ውስጥ በ8 ቅርጽ አዞራለሁ)። ዓሣው ግን በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይጠፋል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥፋት አለ፤ መታጠፊያው ጠባብ ነው፣ ማባበያውም ከመታጠፉ በፊት ለአፍታ ይቆማል። አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ማስኪ እንደ ግንድ ነው፤ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ በቀላሉ አይታጠፍም። ማባበያው ከፊቱ ሲሰወርበት ቀጥ ብሎ ያልፍና ወደ ታች ይሰምጣል።

እንዲህ ያድርጉ። ሊደሩ (ክሩን ከማባበያው የሚያገናኘው ጠንካራ ማሰሪያ) ከዘንጉ ጫፍ 30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ሲቀረው ማጠንጠን ያቁሙ፤ ማባበያው ግን አይቆምም፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ዘንጉ ነው። ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው የዘንጉን ጫፍ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ውኃ ውስጥ ያስገቡ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሰፋ አድርገው ከጀልባው ጎን ለጎን ይውሰዱት፤ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው። ቀጥታው ላይ ያፍጥኑ፣ ሲታጠፉ ማባበያውን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ከመታጠፊያው ሲወጡ እንደገና ዝቅ። አብዛኛው ንክሻ የሚመጣው መታጠፊያው ላይ ወይም ወዲያው ከእሱ በኋላ ነው፤ እዚያ ጋ ማባበያው ጎኑን ይሰጠዋል። ለዚህ ሥራ 2.7 ሜትር አካባቢ የሆነ ዘንግ ከአጭሩ እጅግ ይሻላል።

ዓሣው እስካለ ድረስ ይቀጥሉ። ከዓይን ሲሰወርም ሁለት ሦስት ዙር ጠለቅ አድርገው ይጨምሩ፤ ከጀልባው ሥር ቆሞ ወደ ላይ እየተመለከተ ሊሆን ይችላል። ዓሣ ባያዩም እያንዳንዱን ውርወራ በዚህ ዙር ይጨርሱ፤ ጥልቅ ሆኖ የመጣውን ፖላራይዝድ መነጽርም ላያሳይዎት ይችላል።

ሲጎርስም ዘንጉን ወደ ላይ አያንሱ፤ ማባበያውን ከአፉ የሚያወጡት ራስዎ ይሆናሉ። ዓሣው ከሚሄድበት በተቃራኒ፣ ወደ ጎን፣ በሙሉ ኃይል ይሳቡ። 80 ወይም 100 ፓውንድ የሚሸከም የተጎነጎነ ክር ስለማይለጠጥ፣ እዚያ ርቀት ላይ ድንገት ሲፈተለክ መንጠቆውን ሊያጣምም ወይም ሥጋውን ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ መንጠቆው እንደገባ የሪሉን ፍሬን (ክሩ እንዳይወጣ የሚይዘውን) ትንሽ ያላሉ።

ጥያቄ፦ የማባበያውን ጭራ እያዩ በዝግታ ከታች የሚከተሉትንስ በምን ላታልላቸው?

መልስ፦ አፍንጫውን ማባበያው ላይ የደቀነ ዓሣና ከአንድ ሜትር በታች እየተንሳፈፈ የሚመጣ ዓሣ አንድ አይደሉም። ለፊተኛው ፍጥነት ጨምረው ዙሩን ይሥሩለት። ለኋለኛው ማባበያ ይቀይሩ፤ መቆምና መውደቅ የሚችል ነገር ይፈልጋል። ጓደኛዎ አብሮ ካለ፣ ባክቴሉ ከውኃ እንደወጣ እሱ ቡልዶግ የሚባለውን የመሰለ ረጅም ጭራ ያለው የላስቲክ ማባበያ እዚያው ይወርውር፤ ይሳብ፣ ይቁም፣ ይውደቅ፣ ደግሞ ይሳብ። ንክሻው አብዛኛውን ጊዜ በሚወድቅበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሲወድቅ ክሩ ጨርሶ አይላላ።

ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ግላይደር ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ዘንጉን ወደ ታች ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር በሆነ አጭር ምት ይምቱ፣ ወዲያውም ክሩን ያላሉለት። ክሩ ከተወጠረ ማባበያው ወደ ጎን የሚሄድበት ነፃነት ያጣል፤ ቀጥ ብሎ ይመጣል። «አይሠራም» ተብሎ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ግላይደር አብዛኛው እንዲህ ክር ተወጥሮበት ነው። የዊስኮንሲኑ ሱዊክ ዓይነት ጠልቆ የሚነሳ የእንጨት ማባበያ ከያዙ የብረት ጭራውን ወደ ታች ባጠፉት መጠን ጠልቆ ይሄዳል። ማጠፊያውን በፒንሳ በጥቂቱ ይሞክሩ፤ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ይከነበላል።

ጥያቄ፦ ሁሉን አድርጌ ካልጎረሰ ቦታውን ልተወው?

መልስ፦ ለጊዜው ብቻ። ጂፒኤሱ ላይ ያስመዝግቡና ሌላ ቦታ ይሥሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጨረቃ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ፣ ደመናውና ነፋሱ ሲለወጥ ይመለሱ (መብረቅ ካለ ግን ከውኃው ይውጡ)። ያንኑ ዓሣ ከሌላ አቅጣጫ፣ በሌላ ማባበያ ይሞክሩት። ከመመለስዎ በፊት መንጠቆውን በሞረድ ይሳሉ፤ ጥፍርዎ ላይ ሲያንሸራትቱት መቧጠጥ አለበት፣ ካንሸራተተ ደንዟል።

የውኃው ሙቀት ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (80 ፋራናይት) ካለፈ ግን ያንን ዓሣ ይተዉት፤ ተለቆ ዋኝቶ ቢሄድም በኋላ ሊሞት ይችላል። በሚኒሶታ በአብዛኛው ውኃ ከ54 ኢንች (137 ሴንቲሜትር) በታች የሆነ ማስኪ ማስቀረት ስለማይፈቀድ፣ የሚያጠምዱት ዓሣ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ውኃው ተመላሽ ነው። ትልቅ በላስቲክ የተለበጠ መረብ፣ ረጅም ፒንሳና መንጠቆ መቁረጫ አጠገብዎ ይሁኑ። ዓሣውን መረቡ ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይፍቱት። የማይፈታውን መንጠቆ ይቁረጡት።